ሞተሩ ይሳብ ወይስ ባትሪው? የጨፋ ጭቃና የዊንች ምርጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት ከሚሴን ሰንጥቆ ያልፋል። አስፋልቱ ላይ እስካሉ ድረስ የፎር ባይ ፎር ነገር ትዝ አይልም፤ ሚኒባሱም ባጃጁም እንደልቡ ይሄዳል። ነገሩ የሚለወጠው ከአስፋልቱ ወርደው የገጠሩን መንገድ ሲይዙ ነው። የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የሚንጣለልበት የጨፋ ሜዳ በበጋ የአካባቢው ብቻ ሳይሆን የአፋር ከብት ጭምር የሚሰማራበት ግጦሽ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁር አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና መኪና የሚውጥ ማጥ ይሆናል። በደዌ ሃረዋና በባቲ በኩል ወደ ቆላው ለሚወርድ ደግሞ ፈተናው አሸዋ ነው፤ በጋውን ደርቆ የሚከርመው ወንዝ ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሳይታሰብ በደራሽ ይሞላል። ወደ ምዕራብ ተራራውን ለሚወጣ ድንጋይና ቦይ ይጠብቀዋል።

በዚህ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚሠራ አምቡላንስ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ፒክአፕ ወይም የእህል ነጋዴ ላንድክሩዘር ከእነዚህ መሬቶች መርጦ መሄድ አይችልም፤ ሥራው ወደጠራው ይሄዳል። ስለዚህ መኪናው ፊት ላይ ዊንች (ካቦውን ከበሮ ላይ እየጠቀለለ የተያዘ መኪና የሚስብ መሣሪያ) ይኑር አይኑር፣ ከኖረስ የትኛው የሚለው ጥያቄ የበጀት ጥያቄም ነው። ሦስት ወገን አለ። አንደኛው ጉልበቱን ከሞተሩ በማርሽ የሚወስደውን የድሮውን ሜካኒካል ዊንች ያወድሳል። ሁለተኛው ከባትሪ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ዊንች ይመርጣል። ሦስተኛው ሁለቱንም ወደ ጎን ትቶ «ገንዘቡን ለጎማና ለዲፈረንሻል ሎክ አውሉት» ይላል። ሦስቱም የሚሉት ነገር መሠረት አለው። አሸናፊውን የሚለየው የዊንቹ ጥራት ብቻ አይደለም፤ መኪናው የሚያዝበት መሬት፣ ሳቡ የሚወስደው ጊዜና ዊንቹ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ናቸው።

ክርክሩን ከቁጥር እንጀምር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ያወጣው ላንድክሩዘር 70፣ ዛሬም በአገራችን በአምቡላንስነትና በመስክ መኪናነት የሚሠራው፣ ሰውና ዕቃ ሲጭን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። የወታደራዊ ተሽከርካሪ ማውጫ መመሪያዎች ለተያዘ መኪና አንድ የተለመደ ስሌት አላቸው፦ ጭቃው ጎማውን ከዋጠ የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናውን ክብደት ያህል ነው፤ እስከ ፓራፋንጎው ከደረሰ እጥፉ፤ እስከ ጋቢናው ከወጣ ሦስት እጥፉ። ስለዚህ እስከ ፓራፋንጎው የሰመጠ ላንድክሩዘር ከ6 ቶን በላይ ሳብ ይፈልጋል። በብዛት የሚሸጠው ባለ9,500 ፓውንድ ዊንች ደግሞ የሚስበው 4,300 ኪሎ ገደማ ነው። ያውም ካቦው ተፈትቶ ከበሮው ላይ የመጨረሻው አንድ ረድፍ ጥቅልል ሲቀር ነው፤ በላዩ አንድ ረድፍ በተደረበ ቁጥር ጉልበቱ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል። ካቦውን አሥር ሜትር ብቻ ዘርግቶ «ዊንቹ ደከመ» የሚል ሹፌር የሚያማው ዊንቹን ነው እንጂ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ርካሹ ዕቃ መዘውር ነው። ካቦው በመዘውሩ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ጉልበቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ፍጥነቱና የሚደርስበት ርቀት ግን በግማሽ ይቀንሳል። የ30 ሜትር ካቦ በመዘውር ከ15 ሜትር በላይ አይደርስም። ዊንቹ ሜካኒካልም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ መዘውር የሌለው መኪና ለጨፋ ክረምት ግማሽ ዝግጅት ብቻ ነው ያለው።

የሜካኒካሉን ዊንች ውስጡን ያየ ሰው የሚወደው ያለምክንያት አይደለም። ከካምቢዮው ወይም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያካፍለው ሳጥን ጎን አንዲት ማርሽ ጉልበት ትቀበላለች። ከእሷ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ በክሮቼራ እየታጠፈ በሞተሩ ሥር አልፎ እስከ ፊት መከላከያው ይደርሳል። እዚያ፣ ዘይት በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ እንደ ቡሎን ጥምዝ ተደርጎ የተቀረጸ ብረት የነሐስ ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ በዝግታ ይነዳል፤ ማርሹ ከበሮውን ያዞራል። ጥምዙ ማርሹን ይነዳል እንጂ ማርሹ ጥምዙን መልሶ ለመንዳት ይቸገራል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ቢረግጥ እንኳ ዳገት ላይ የተንጠለጠለው ጭነት በቀላሉ ወደ ኋላ አይሸሽም። በደርግ ዘመን ሠራዊቱ ይጠቀምባቸው የነበሩት ዚል 131 ካሚዮኖች፣ ዊንች ያላቸው፣ የሚስቡት በዚሁ ዘዴ ነበር፤ አቅማቸውም 5 ቶን ገደማ ነው።

የዚህ ዊንች ዋና ክብሩ ጽናቱ ነው። የላንድክሩዘሩ ባለ4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ ዊንቹ የሚፈልገው ከዚያ ጥቂቱን ነው። ሞተሩ እስከሠራና ዘይቱ እስካልጎደለ ድረስ ግማሽ ቀን ሲስብ ቢውል ባትሪ አይሞትበትም፣ የሚቃጠል ሽቦም የለውም። መቶ ሜትር ማጥ በየ15 ሜትሩ ማሰሪያ እየቀየረ ለሚሻገር መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚበላሹት ክፍሎቹም ቶርኖ ላለው ባለሙያ እንግዳ አይደሉም፤ ቡሽና ዘንጉ፣ ኩሽኔታና ክሮቼራው ከሌላ መኪና ሥራ የሚያውቃቸው ናቸው።

ግን ዕዳም አለው፤ የመጀመሪያው ልክ አለማወቁ ነው። ከጀርባው ያለው ሞተር ካቦው ሊበጠስ መሆኑን ስለማያውቅ መጎተቱን አያቆምም። ለዚህ ሲባል በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገች ትንሽ ፒን አለች፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ እሷ ትቆረጥና ሌላውን ታድናለች። ጠንቃቃ ሹፌር ትርፍ ፒን ከመሣሪያ ሣጥኑ አያጣም። መሰላቸት የጀመረው ደግሞ በጠንካራ ቡሎን ይተካታል፤ ያኔ የሚቆረጠው ካቦው ወይም የሚሰባበረው የነሐሱ ጥርስ ይሆናል። ሁለተኛው ዕዳ ሹፌሩ ከመሪው መነሳት አለመቻሉ ነው። ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ይዞ ተቀምጦ፣ ካቦው ምን ላይ እንዳለ በረዳቱ የእጅ ምልክት ብቻ ይገምታል፤ በጩኸትና በዝናብ መሃል «አቁም» እና «ሳብ» ሲምታቱ አደጋ ይመጣል። ሦስተኛውና ለቆላው ከባዱ፣ ሞተሩ ከጠፋ ዊንቹም አብሮ መጥፋቱ ነው። ደራሽ በሞላው ወንዝ መሃል ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ የቆመ መኪና ሜካኒካል ዊንቹ ለጌጥ ብቻ ይቀርለታል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼኔ ነው። በመጨረሻም ይህ ዊንች የሚገጠመው ካምቢዮው ለእሱ ቦታ ካለው ብቻ ነው፤ በአዳዲስ መኪኖች ላይ እየጠፋ የሄደውም ከዚህ የተነሳ ጭምር ነው።

የኤሌክትሪክ ዊንቹ ደጋፊዎች የሚነሱት እዚህ ላይ ነው። የእነሱ ዊንች መከላከያና ባትሪ ባለው በማንኛውም መኪና ይገጠማል፤ ካምቢዮ አይነካም። ሹፌሩ መቆጣጠሪያውን በሽቦ ይዞ ከካቦው መሥመር ፈቀቅ ብሎ ቆሞ፣ ጎማውንም ካቦውንም በዓይኑ እያየ ይስባል። ብቻውን የሚሄድ የአምቡላንስ ሹፌር፣ ከኋላ ወላድ ተኝታ እያለ፣ ምልክት የሚሰጠው ረዳት ላያገኝ ይችላል። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ደህና እስከሆነ ድረስ መኪናውን ከወንዙ ዳር የሚያደርስ ጥቂት ደቂቃ ጉልበት ይኖረዋል። በአሸዋማ ወንዝ ውስጥ ውሃ እየመጣ ከሆነ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሁሉም ነገር መለያ ናቸው።

ጥገናውም ቢሆን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የዊንቹ ሞተር የሞተሪኖ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያው ካርቦን ብሩሽ፣ ያው ጥቅልል፣ ያው ቡሽ። ከሚሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሞተሪኖ ፈትቶ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይህንንም መክፈት አያቅተውም። ማርሾቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሦስት ደረጃ ፕላኔታሪ ማርሾች ተደራርበው በአንዳንድ ታዋቂ ሞዴሎች ሞተሩ ከ200 ጊዜ በላይ ሲዞር ከበሮው አንዴ እንዲዞር ያደርጋሉ። ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ በቶርኖ አስቀርጾ መተካት ቀላል አይሆንም፤ ሙሉ ስብስቡ ከውጭ መምጣት አለበት።

ትልቁ ድክመቱ ግን ከስሌቱ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዊንች በሙሉ ጭነት 400 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 4.8 ኪሎዋት ነው። 4 ቶን በደቂቃ 2 ሜትር ለመጎተት ካቦው ላይ መድረስ ያለበት ጉልበት ግን 1.3 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በሽቦው፣ በሞተሩና በማርሾቹ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ዊንቹ ጥቂት ደቂቃ ስቦ ማረፍ አለበት፤ የማያሳርፈው ሹፌር ሞተሩን ያቃጥላል። ባትሪውም እንዲሁ ነው። 70 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 400 አምፔር ሲወጣበት በወረቀት ላይ እንኳ አሥር ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፤ በተግባር ያንሳል። ዲናሞው 80 አምፔር ቢሰጥ የወጣውን አንድ አምስተኛ ነው የሚመልሰው። ለዚህ ነው ሞተሩን ሳያስነሱ በኤሌክትሪክ ዊንች መሳብ ለጭንቅ ቀን ብቻ የሚመከረው። መቶ ሜትር የጨፋ ማጥ በደቂቃ 2 ሜትር ይለፍ ቢባል ሳቡ ብቻ 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህ የሜካኒካሉ ዊንች የዕለት ሥራ፣ የኤሌክትሪኩ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀን ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። ኮረንቲውን የሚያገናኘው ማብሪያ በጭቃና በእርጥበት ሲዝግ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሹፌሩ መቆጣጠሪያውን ቢለቅም ዊንቹ መጎተቱን አያቆምም። በባትሪው አጠገብ በእጅ የሚነቀል ማቋረጫ ማስገባት ይህን አደጋ በአነስተኛ ወጪ ያስቀራል፤ ብዙ ገጣሚዎች ግን ይዘሉታል።

በካቦውም ላይ ክርክር አለ። የብረት ካቦ ድንጋይና ጭቃ ይችላል፤ በፀሐይ አይጎዳም፤ ሲበላሽም ክሩ ሲበጣጠስ ስለሚታይ ያስጠነቅቃል። ሲበጠስ ግን ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። እየተሳበ ሳለ መሃሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ መጣል፣ ሰውንም ማራቅ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከፕላስቲክ ክር የሚሠራው አዲሱ ገመድ በጣም ቀላል ነው፣ ለእጅ አይዋጋም፣ ቢበጠስም አደጋው ያነሰ ነው። የቆላው ፀሐይ ግን ያደርቀዋል፤ በክሮቹ መሃል የሚገባው አሸዋ ከውስጥ ይሞርደዋል፤ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፍሬኑ ከበሮው ውስጥ በተቀመጠባቸው የኤሌክትሪክ ዊንቾች ላይ ጭነት እያወረዱ ረጅም ጊዜ መፍታት ከበሮውን ስለሚያግል ይህ ተራ ጭንቀት አይደለም። ለድንጋያማው ምዕራብ ብረቱ፣ ንጹሕ አድርጎ ሸፍኖ ለሚይዘው ሰው ደግሞ ገመዱ ይሻላል።

አሁን ሦስተኛውን ወገን እንስማ። የዊንችና የመከላከያው ክብደት ዓመቱን ሙሉ የፊት ባሌስትራውን ይጫናል፤ የሚሠራው ግን በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ብዙው መኪና የሚያዘው ሊያልፍ ይችል በነበረበት ቦታ ነው ይላሉ። ምክንያታቸው ዲፈረንሻሉ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ ምንጊዜም እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ በባዶ ሲሽከረከር የሚቀበለው ጉልበት ኢምንት ስለሆነ፣ ደህና መሬት የረገጠው ጓደኛውም ያንኑ ኢምንት ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ፎር ባይ ፎር ገብቶም ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ጎማ እየተሽከረከረ መኪናው ይቆማል። ሎክ ሁለቱን ጎማዎች እንደ አንድ ዘንግ ያስራቸዋል። በቦይና በድንጋይ መሃል አንድ ጎማ አየር ላይ በሚቀርበት የተራራ መንገድ ይህ ከዊንች የበለጠ ዋጋ አለው፤ ካቦ ሳይፈታ መኪናው በራሱ ይወጣል።

ከዚህም የረከሰ ነገር አላቸው። በድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች የፊት ጎማ ፍሪ ዊል በእጅ ካልተቆለፈ ማርሹ ፎር ቢገባም የፊቱ አክስል ሥራ ፈት ነው፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይህን ማስታወስ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ እየረገጡ መውረድ ማለት ነው። ለአሸዋው ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ የሚረግጠውን ቦታ ያሰፋል፤ ከአሸዋው ሲወጡ የሚሞላበት ፓምፕ መኖር አለበት እንጂ። በተቃራኒው፣ ከጭቃው ወጥቶ የከሚሴን ደረቅ አስፋልት ሲይዝ ፎሩን ማውጣት የረሳ ሹፌር አክስሎቹን ያስጨንቃል፤ በኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፣ ልዩነቱን የሚያመልጥበት ቦታ ያጣው ጉልበት ክሮቼራና ማርሽ ይበላል።

ሦስተኛው ወገንም ግን ገደብ አለው። ሎክ ሙሉውን ጉልበት በአንድ ሴሚያስ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ድንጋይ ላይ ጎማው ድንገት ሲይዝ ሴሚያሱ ይሰበራል። የፊት ሎክ ሲገባ መሪው ይከብዳል። ከሁሉም በላይ፣ መኪናው በሆዱ ተኝቶ የዲፈረንሻሉ እብጠት እንደ ማረሻ ጥቁሩን አፈር ከነከሰ በኋላ ሎክ የሚያደርገው አራት ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው ከውጭ የሚመጣ ሳብ ነው፤ ዊንች፣ ትራክተር ወይም የአካባቢው ሰው ትከሻ።

የጨፋ ሜዳ ለዊንቾች ሁሉ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ ካቦው የት ይታሰር? ወደ ቆላው የግራር ዛፍ ይገኛል፤ በተራራው ድንጋይ አለ። በረግረጉ መሃል ግን ሣርና ደንገል እንጂ ጠንካራ ዛፍ ብርቅ ነው። መፍትሔው ስኮርታ ጎማውን ቀብሮ በእሱ ላይ ማሰር ነው፤ ካቦው በአግድም እንዲጎትተው እንጂ ወደ ላይ ነቅሎ እንዳያወጣው ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ከፊቱም የካቦ መውጫ ቦይ የተቆፈረለት መሆን አለበት። አካፋና ዶማ የሌለው መኪና እዚህ ሜዳ ላይ ሁለቱም ዊንች ቢኖረው አይወጣም።

ገበያውም የራሱን ሚዛን ይጨምራል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የሜካኒካል ዊንች ወገን ከዚህ የሚያነበው፦ ያሉት ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ለረጅም ዓመት እየተጠገኑ መሥራታቸው ስለማይቀር፣ በቶርኖ የሚታደስ ዊንች ዕድሜው ከመኪናው ጋር እኩል ነው። የኤሌክትሪክ ዊንች ወገን ደግሞ ወደፊት የሚያይ ክርክር አለው፦ በባትሪ የሚሄድ መኪና ጉልበት የሚቀዳበት ካምቢዮ ስለማይኖረው፣ ለነገው መኪና የሚቀረው የኤሌክትሪክ ዊንች ብቻ ነው። አንዱ ስለዛሬ፣ ሌላው ስለነገ ነው የሚያወራው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

እንግዲህ ፍርዱ ለማን የሚለውን ተከትሎ ይለያያል። የወረዳ አምቡላንስ ሹፌሩ ብቻውን ስለሆነ፣ ሳቡ አጭር፣ ወንዙም ደራሽ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ዊንች ይሻለዋል፤ ግን ጠንካራ ባትሪ፣ መዘውርና ማቋረጫ አብረው ካልተገዙ አይገዛ። በጨፋ ሜዳ ላይ ለእርሻ ወይም ለግንባታ ቀኑን ሙሉ ለሚጎትት ሰው ሜካኒካሉ አቻ የለውም፤ ከድሮ መኪናው ጋር የመጣለት ሰው «አሮጌ ነው» ብሎ ነቅሎ መጣሉ ኪሣራ ነው። ሥራው በአብዛኛው በተራራው ጠጠርና ቦይ ላይ የሆነ ደግሞ ከዊንች በፊት ጎማውን፣ ፍሪ ዊሉንና የኋላ ሎኩን ያሰናዳ። የመረጠው ምንም ይሁን፣ ሰኔ ሳይገባ ካቦውን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ጭነት ሰጥቶ መልሶ መጠቅለል አለበት፤ ቆሞ የከረመ ዊንች ዝገቱን የሚናገረው ማጥ ውስጥ ነው። የግዢ ሰነዱ ላይ የሚፈርመው ኃላፊም «ስንት ቶን ይስባል?» ከማለቱ በፊት «ምን ላይ ታስሮ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ሲበላሽስ እዚህ ከሚሴ ማን ይሠራዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ለሦስቱም መልስ ያለው ዊንች፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ለዚያ መኪና ትክክለኛው ነው።